ከመስመሩ በታች ያለው የኔ ነው

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፣ ኃላፊው ንግግር አደረገ፣ ፎቶ ተነሣን። ጋቢውን እንደለበስሁ መሳቢያዬን ባዶ ላደርግ ወደ ቢሮዬ ብመለስ ኮምፒውተሩ አላውቅሽም አለኝ። የይለፍ ቃሌን ደግሜ ጻፍሁ፤ ያው ነው። ንግግሩ ሳያልቅ የኢሜይል አድራሻዬን ዘግተውታል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስቀበልና ስልክ ኖሬ፣ «ደህና ሁኑ» የምትል አንዲት መልእክት እስክጽፍ እንኳ አልጠበቁኝም።

አልደነገጥሁም። የምፈልገው ነገር ቀድሞ ቤቴ ገብቷል። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እንዴት እንዳስገባሁት፣ ቤቴ ከገባ በኋላ አልከፈት ሲለኝም ምን እንዳደረግሁ ነው የምጽፈው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ባሌ ሀሩን ከሞተ ወዲህ ሁሉን ነገር ቀስ ብዬ ነው የምሠራው። አንዳንዶች ይህን እንደ መድከም ያዩታል፤ ይዩት።

አሶሳ የመጣሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ ከተነሡት ሰፋሪዎች ጋር። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ በቁጥር ነበር የሚጠራው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚሁ ጨረስሁ፣ ታይፕ ተማርሁ፣ ክልሉ ሲቋቋም የውኃ ሥራ ከሚመራ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ እስከ መጨረሻውም ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ደሳለኝ ነው። የቡለን ሰው ነው፣ ሺናሻ፤ ሲራመድ የማይሰማ፣ ሲስቅ ግን ግቢው ሁሉ የሚሰማው። አሶሳ ውስጥ የወረቀት ጠላት ሌባ አይደለም፣ ምስጥ ነው ይል ነበር። የመደርደሪያዎቹን እግር በሙሉ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሟቸዋል። ምስጥ ፋይል ሲበላ ሽፋኑን ይተዋል። ከውጭ ሲያዩት ፋይሉ ቆሟል፤ ስሙም ቁጥሩም እንዳለ ነው። ሲያነሡት አፈር ይፈስሳል። ስለዚህ ጋሽ ደሳለኝ ፋይልን በዓይኑ አያምንም፤ በየጊዜው አንድ በአንድ እያነሣ በእጁ ይመዝናል።

ሌላም ልማድ ነበረው። ደብዳቤ ቦታው አስገብቼ «ጨረስሁ» ስለው ቀና ብሎ አያየኝም። ከመተላለፊያው ያገኘውን ሰው፣ ሾፌርም ይሁን አትክልተኛ፣ ይጠራና «እስኪ እንዲህ ያለች ደብዳቤ አለች፣ አምጣልኝ» ይላል። እኔን ደግሞ በዓይኔ እንዳልጠቁም ፊቴን ወደ መስኮቱ ያዞረኛል። ሰውየው ደብዳቤውን ይዞ ከመጣ፣ ጋሽ ደሳለኝ «አሁን ተቀመጠ» ይላል። ካጣው፣ ከመደርደሪያው ያወጣዋል፤ እኔም እንደገና አስቀምጣለሁ።

አንድ ቀን አንዱ ሾፌር መረረው። «ጋሽ ደሳለኝ፣ እኔ እኮ የተቀጠርኩት ለመንዳት ነው!»

«ንዳዋ» አለው። «እስከ ሦስተኛው መደርደሪያ ንዳ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጠፍ።»

ሾፌሩ እየሳቀ ሄደ፤ ደብዳቤውን ግን አጣው። ጋሽ ደሳለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጄ» አለኝ፣ «ማስቀመጥማ ምስጥም ያስቀምጣል፣ ሆዱ ውስጥ። ያንቺ ሥራ ማውጣት ነው። አንቺ በሌለሽበት ቀን፣ ስምሽን እንኳ የማያውቅ ሰው ሲያወጣው፣ ያኔ ተቀመጠ ይባላል።»

ኮምፒውተር የመጣው እሱ ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን ብዙ አየው። «ይሄን ምስጥ አይበላውም አሉኝ» አለ። «ምን እንደሚበላው እስክታውቂ ድረስ ግን አትመኚው።»

ሀሩንን ያወቅሁት በዚያው መሥሪያ ቤት ነው። የፓምፕ ቴክኒሽያን ነበር፤ ብሔሩ በርታ፣ የአሶሳ አካባቢ ልጅ። አንድ ሪፖርት ሊሰጠኝ መጥቶ፣ ጣቶቹ ግሪስ ስለነበሩ ወረቀቱን በጥርሱ ይዞ ገባ። «እጅህን ታጠብና ተመለስ» አልሁት። ታጥቦ ተመለሰ፣ ሪፖርቱን ሰጠኝ፣ በማግስቱም ንጹሕ እጁን ብቻ ይዞ ያለ ሪፖርት መጣ። ተጋባን። ልጅ አልሰጠንም። ከዚያ መተከል ውስጥ ማንቡክ መደቡት፣ ከማንቡክ ወደ ድባጤ። ከአሶሳ መተከል ሩቅ ነው፤ ዓመቱን በአብዛኛው ለየብቻ ነበርን።

የመስክ ሪፖርት በኢሜይል ይላክ ሲባል፣ የሁሉም ሪፖርት የሚገባው በእኔ ኮምፒውተር ሆነ። የሀሩንም እንደዚያው። ማንቡክ ያለው ኮምፒውተር የአማርኛ ፊደል ስላልነበረው አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነበር የሚጽፈው። መጀመሪያ የመንግሥት ጉዳይ፤ ከዚያ ሰረዝ ሰረዝ እያደረገ ከዳር እስከ ዳር መስመር ያሰምራል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ለእኔ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነበርና ሴትም ወንድም ለእሱ «አንተ» ነው። እንዲህ ይል ነበር፦

«ሁለተኛ ጉድጓድ ፓምፕ ተጠገነ። ግሪስ አልቋል። የእጅ መፍቻ አንድ ይላክ።» ከዚያ መስመር። ከዚያ፦ «ዘይነብ እንዴት ነህ። ማንቡክ ዝናብ ነው። ጣሪያ ያፈሳል። ባልዲ ከታች አስቀመጥኩ፣ ድምፁ እንቅልፍ ይሰጣል። አንተ በርበሬ ላክ።»

በርበሬ እልክለታለሁ። መልሴንም እንደሱ ነበር የምጽፈው፤ ከላይ «ግሪስ ተልኳል»፣ ከታች የኔ።

በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ሥራችን ክፉኛ የወደቀበት አንድ ጊዜ ነበር። አሮጌው የኢሜይል አሠራር ሊዘጋ፣ አዲስ ሊተካ ሆነ። የዞኖች የተጠራቀመ ኢሜይል ከነአባሪው በሙሉ ወደ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ ተባለ፣ በአንድ ቀን። ኮሚቴ ተቋቋመ። የገለበጠችው የኮምፒውተር ባለሙያችን ጫልቱ ናት፤ የባምባሲ ልጅ፣ እጇ ፈጣን፣ ያን ቀን ደግሞ አምስት ሰው ከኋላዋ ቆሞ «ቶሎ» የሚላት። ሲያልቅ እጄን አነሣሁና «ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን እንየው» አልሁ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «ወይዘሮ ዘይነብ፣ የጋሽ ደሳለኝ ጊዜ አለፈ እኮ» አለ፤ ሰውም ሳቀ። ዲስኩ ታሸገ፣ ቁምሣጥን ተቆለፈበት፣ አሮጌው ሰርቨር ተጠረገ።

መተከል የተረበሸ ጊዜ ብዙ ሰው ሸሽቶ ወደ እኛ መጣ። ከነሱ አንዱ አቶ በየነ የተባሉ የድባጤ የፓምፕ ሠራተኛ ነበሩ። የሚሠሩበት ጽሕፈት ቤት ከነወረቀቱ ጠፍቷል። የቅጥር ደብዳቤያቸው ግን በኢሜይል ወደ አሶሳ ተልኮ እንደነበር ያውቃሉ፤ ሲላክ እዚያው ቆመው አይተዋል። ቁምሣጥኑ ተከፈተ፣ ዲስኩ ተሰካ። ፎልደሮቹ ተደርድረዋል፤ ማንቡክ፣ ድባጤ፣ ሁሉም በየስማቸው። ጫልቱ «ድባጤ» የሚለውን ስትነካው ኮምፒውተሩ ቦታው የለም አለ። ሌላውን ነካች፣ ያው። ያኔ በእያንዳንዱ ፎልደር ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት አየናት። ሾርትከት ናቸው። ዕቃው ወዳለበት የሚጠቁም ምልክት ብቻ ነው የተገለበጠው፤ ዕቃው ራሱ ሰርቨሩ ላይ ቀርቶ ከሰርቨሩ ጋር ተጠርጓል። ሽፋኑ ቆሟል፣ ውስጡ አፈር ነው።

አቶ በየነ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው፣ «እዚህ ውስጥ አለህ ብላችሁኝ ነበር እኮ» አሉ።

የቀድሞ የአገልግሎት ዘመናቸው ተሠርዞ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ሥራ ጀመሩ፤ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ጀርባቸው ጎብጦ። ጫልቱ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም፤ ተናደድሁ። እስካሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም፣ እንዲወጣልኝም አልፈልግም። ከዚያ ወዲህ አንዴ ተናግሬ ሲስቁ ዝም ማለትን ተውሁ።

ጡረታዬ ሲቃረብ የሀሩንን መልእክቶች ልወስድ ተነሣሁ፤ የእሱን ብቻ እንደመጣ ኮምፒውተሬ ላይ ለብቻ አስቀምጥ ስለነበር ከሰርቨሩ ጋር አልተጠረጉም። ሀሩን በዚያን ጊዜ ራሱ ጡረታ ወጥቶ ቤት ነበር። አዲሱ ኃላፊ ጨዋ ልጅ ነው፣ ከሌላ ክልል የተመደበ። ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ ዘይነብ፣ ኢሜይሉ የመሥሪያ ቤቱ ሀብት ነው። ሁሉም ላይ ፓምፕ አለበት።»

«ፓምፑ የመሥሪያ ቤቱ ነው» አልሁት። «‹ዘይነብ እንዴት ነህ› የመሥሪያ ቤቱ ነው?»

«እሱስ የግል ነው።»

«እንግዲያው መስመሩን እይ። ከመስመሩ በላይ ያለው የእናንተ፣ ከመስመሩ በታች ያለው የኔ ነው።»

«ከመስመሩ በታች ያለውን ቆርጠሽ ውሰጂ ታዲያ።»

«አይቆረጥም። ቀኑ ከላይ ነው፣ ላኪው ከላይ ነው። አንገቱን ቆርጬ ነው ወይ ባሌን ቤት የማስገባው?»

ወንበሩን ወደ ኋላ አደረገና አንዱን መልእክት አነበበ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ፈገግ አለ። «ሰውየው ግሪስ ብቻ ነው እንዴ የሚጠይቀው?» አለ። «ውሰጂው በቃ። የዚያን ዘመን ግሪስ ማንም አይሰርቀውም።»

እንደ ጋሽ ደሳለኝ ነው የሠራሁት፣ ወይም መሰለኝ። መልእክቶቹን በአንድ ፎልደር ሰበሰብሁ፣ የኢሜይሉ ፕሮግራም ሁሉንም በአንድ ትልቅ ፋይል ጠቅልሎ አወጣልኝ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ጫንሁት። ቀስት ያለበት መሆን አለመሆኑን አየሁ፤ መጠኑን አየሁ፣ በእጅ እንደመመዘን ማለት ነው። ከዚያ ጫልቱ ክፍል ሄጄ በእሷ ኮምፒውተር ከፈትሁት። ተከፈተ። ዲስኩን ቤት ወስጄ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሁት። የቤታችን ኮምፒውተር ላይ አልሞከርሁትም። ሰውየው ራሱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ እያዳመጠ፣ ደብዳቤውን ማን ያነባል?

ባለፈው ክረምት ሀሩን ሞተ። ልቡ ነው አሉ። ጠዋት የጎረቤት ፓምፕ ሊያይ ወጥቶ፣ በቃሬዛ መለሱት። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

እኛ ዘንድ ባል የሞተባት ሴት ዒዳ ትቀመጣለች፤ ጊዜው እስኪሞላ ከቤቷ አትወጣም። እኔም ተቀመጥሁ። የሀሩን ታላቅ እህት ሐዋ አብራኝ ልትሆን መጣች። ሐዋ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምላሷን የማያማት ሴት ናት፤ እንደ ወንድሟም ሁሉንም «አንተ» ትላለች። ለቀስተኛው ሲቀንስ፣ ቤቱም ዝም ሲል፣ መሳቢያውን ከፍቼ ዲስኩን አወጣሁ።

ፋይሉን ነካሁት። ኮምፒውተሩ «በየትኛው ፕሮግራም ልክፈተው?» ሲል ጠየቀኝ። ከደረደራቸው አንዱም የኢሜይል አይደለም። መሥሪያ ቤት ያለው ፕሮግራም እኛ ቤት የለም። ያኔ ገባኝ፤ የጫልቱ ኮምፒውተር የቢሮ ኮምፒውተሬ መንትያ ነበር። ፈልጎ እንዲያመጣ የላክሁት ሰው መደርደሪያውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በጽሑፍ ፕሮግራም ልክፈተው አልሁ። ስክሪኑን ምልክት ሞላው፤ ቅንፍ፣ ነጥብ፣ ስም የሌለው ፊደል፣ ገጽ በገጽ፣ ልክ ምስጥ የበላው ፋይል ሲነሣ እንደሚፈስሰው አፈር። ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረድሁ። በመካከል በፈረንጅ ፊደል «ግሪስ አልቋል» የሚል ብቅ አለ። ከዚያ ደግሞ አፈር። አለ ማለት ነው፤ ውስጥ አለ። ልዘጋው ስል ፕሮግራሙ «ላስቀምጥ?» አለኝ። አይሆንም አልሁ። እንደዚያ ሆኖ ከተቀመጠ ዳግመኛ ደብዳቤ አይሆንም።

ሐዋ ከበሩ ሆና ታየኝ ነበር። «ዘይነብ፣ አንተ አሁን ሣጥን ታያለህ። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይለቅሳል፣ አንተ ሣጥን! ሰዎች ምን ይላል?»

«ምን ይላሉ?»

«ዒዳ ውስጥ ኮምፒውተር አለ እንዴ ይላል። ሀሩን ሞተ። ኸላስ፣ አለቀ። ሞተ ሰው ሣጥን ውስጥ አይገኝም።»

«ዒዳ ከቤት አትውጪ ይላል እንጂ ቤት ያለውን አትክፈቺ አይልም» አልኋት። «ልብሱን ለሰው ሰጠን፣ ሐዋ። ጫማውን ሰጠን። መፍቻዎቹን ለሰፈሩ ልጆች አካፈልን። ይሄን አልሰጥም።»

«ምን አለ ውስጥ? ሚስጥር አለ?»

«ሚስጥር የለም። ግሪስ ነው ያለው።»

«ወላሂ አብዷል» አለችና ዱዓዋን ቀጠለች።

እኔ መውጣት ስለማልችል ለጫልቱ ደወልሁ። ገና ሳልጨርስላት ጮኸች፦ «እትዬ ዘይነብ፣ ፋይሉን በምንም እንዳትነኪው! መጀመሪያ ኮፒ አድርጊው። ዋናውን ነቅለሽ አስቀምጪ፤ የምንሠራው በኮፒው ላይ ብቻ ነው።»

«አድርጌዋለሁ።»

«ቀስት የለበትም አይደል?» አለች።

«የለበትም።»

ቅዳሜ ጠዋት ከባምባሲ መጣች። ሐዋን ሰላም ብላ፣ ከሐዋ ጎን ተቀምጣ ስለ ጉልበቷ በደንብ ጠየቀቻትና ወደ እኔ መጣች። በፍላሽ ያመጣችውን በነጻ የሚገኝ የኢሜይል ፕሮግራም ጫነች፤ ያንን ትልቅ ፋይል የሚፈታ ሌላ ትንሽ ፕሮግራምም አለ። ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳየው መስመር በስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ መብራት ጠፋ።

«ያ ረቢ!» አለች ጫልቱ፣ ራሷን ይዛ።

«ምን ሆንሽ?» አልኋት። «ኮፒው ነው የሞተው። ሌላ ኮፒ እናደርጋለን።»

መብራቱ እስኪመለስ ተቀመጥን። ስለ አቶ በየነ አነሣች። ከእሳቸው ጋር እስካሁን እንደምትደዋወል፣ ቡና ቤት ባገኘቻቸው ቁጥር አንገቷን እንደምትደፋ፣ እሳቸው ግን «አንቺ ምን አደረግሽ፣ ልጄ» እንደሚሏት ነገረችኝ። «ይሄ ካልተከፈተ ሥራውን እተዋለሁ» አለች።

«ትተዪና ምን ልትሠሪ? ሰሊጥ ልትዘሪ?»

ሳቀች። መብራቱ መጣ። እንደገና ጀመርን። መስመሩ ሞላ፤ ፎልደር ተከፈተ፤ ከዚያ ስሙ በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች ተሰለፈ። ሀሩን። ሀሩን። ሀሩን። ጫልቱ ማውሱን ለቀቀችልኝና ወደ በረንዳው ወጣች።

ሁሉንም አላነበብሁም። ሥራ ነበረብኝ። ዳግመኛ በአንድ ጥቅልል አይቀመጥም ብዬ፣ እያንዳንዱን መልእክት ለየብቻው አወጣሁት፤ አንድ ጊዜ እንደ ኢሜይል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ማንኛውም ኮምፒውተር ሊከፍተው በሚችል ተራ ጽሑፍ። አባሪዎቹን ለብቻ። አንድ ኮፒ ከእኔ ዘንድ ቀረ፣ አንዱ ከጫልቱ ጋር ባምባሲ ሄደ፤ ቤቴ ቢቃጠል ቤቷ አለ። የሠራሁት በቀን በቀን ነው፣ ሐዋ እያጉረመረመች። ለቀስተኛ ሲመጣ አጥፍቼ እነሣለሁ፣ ሲሄድ እመለሳለሁ። አንዷ ዘመድ፣ «አርፈሽ ተቀመጪ እንጂ፤ መርሳት እኮ የአላህ ጸጋ ነው» አለችኝ። «ለአንቺ ይስጥሽ» አልኋት።

ዒዳዬ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጨረስሁ። ጨረስሁ ስል የጋሽ ደሳለኝ ዝምታ ተሰማኝ፤ ቀና የማይለው ነገር። ማን ሄዶ ያምጣው? ጫልቱ አትሆንም፤ መደርደሪያውን ታውቃለች። ቤት ውስጥ ያለችው ሐዋ ናት። ሐዋ የአማርኛም የፈረንጅም ፊደል አታነብም። ልጅ ሆና ቁርኣን ቤት የዐረብ ፊደል ግን ተምራለች። ጫልቱን በስልክ እየጠየቅሁ ኮምፒውተሩ ላይ የዐረብ ፊደል አወጣሁ፤ የፎልደሩን ስም «ሀሩን» ብዬ በዚያ ጻፍሁ፤ ውስጡም ማንቡክ፣ ድባጤ ብዬ እንደዚያው።

«ሐዋ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

«እኔ? ሣጥን? አይነካም።»

«ወንድምሽን አምጪልኝ» አልኋትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ውጭ ማንጎው ላይ ወፎች ይጣላሉ። ከዚያ ማውሱ ጠረጴዛው ላይ ሲንፏቀቅ ሰማሁ፤ ሐዋ በበርታ ቋንቋ ከራሷ ጋር ታወራለች። «ሀ... ሩን» አለች፤ እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ እያንዳንዱን ፊደል እየጎተተች። አንድ ክሊክ። ሌላ ክሊክ። ሌላ።

«ዘይነብ» አለች። «ብዙ ጽሑፍ መጣ። መካከል መስመር አለ።»

ዞርሁ። የድባጤ ነበር፣ ያልመረጥሁት፣ እጇ የጣላት። ከመስመሩ በላይ ያለውን ዘለልሁና ከታች ያለውን ጮክ ብዬ አነበብሁላት፦ «ዘይነብ እንዴት ነህ። እዚህ ሰላም ነው። ሐዋ ጉልበቱ እንዴት ነው? ድባጤ ገበያ ጥሩ ቅባት አገኘሁ፣ መኪና ሲመጣ እልካለሁ። ብዙ እንዳይሄድ ንገረው።»

ሐዋ ስክሪኑን እያየች እጇን ወደ ጉልበቷ ወሰደች። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ያዘችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣

«ደህና ነው በለው» አለች።

አልሁት። አሁን ተቀመጠ።